ከመርፌው በፊት ማን አነጋገራችሁ? በሽሮ ሜዳ ስለተሰጠው የኤችፒቪ ክትባት የአንዲት እናት ግምገማ

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር መከላከያ የሆነው የኤችፒቪ ክትባት በዘመቻ ሲሰጥ የእኔም ልጅ በትምህርት ቤቷ ግቢ ተሰልፋ ወስዳለች። በሀገር አቀፍ ደረጃ ሊከተቡ የታቀዱት ልጃገረዶች ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ይህን ያህል ቤተሰብ የሚነካ አገልግሎት ሲሰጥ ተገልጋዩ ያየውን ሊናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስለ ሆቴል ምግብና ስለ ጫማ ጥራት አስተያየት የምንጽፍ ሰዎች በልጆቻችን ክንድ ላይ ስለተሰጠ ነገር ዝም ማለት የለብንም።

የምኖረውም የምነግደውም ሽሮ ሜዳ ነው፤ የሀገር ባህል ልብስ እሸጣለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከሱቅ ደጃፍ ወጥተን ስለ ልጆቻችን እናወራለን፤ በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ክትባቱ ነበር። ስለዚህ የምገመግመው የመርፌውን ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ መርፌው ከመምጣቱ በፊት ማን እንዳነጋገረን፣ ስንጠይቅ ማን እንደመለሰልን፣ ዘመቻው ሲያልቅም ማን እንደተመለሰ ጭምር ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የጤና ባለሙያዎቹ ሥራ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ቅስቀሳው ግን ሁለት መልክ ነበረው፤ አንዱ በመኪና ተጭኖ መጥቶ አልፎን ሄደ፣ ሌላው በእግሩ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። የሰፈራችንን ልጆች ያስከተበው ይህ ሁለተኛው ነው።

መኪናው ሞንታርቦ ጭኖ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዋና መንገድ ይዞ ነበር የሚያስነግረው። በሽሮ ሜዳ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የሱቆች ሙዚቃና የመኪና ጥሩንባ ሲደባለቅ ከጎንህ የቆመ ሰው የሚናገረው እንኳን በወጉ አይሰማም። እኔ ጋ የደረሱት «ካንሰር» እና «ልጃገረዶች» የሚሉት ሁለት ቃላት ነበሩ። ከአጠገቤ የምትሸጠው ጓደኛዬም የሰማችው እነዚሁን ነው። እነዚህ ቃላት ያለ ማብራሪያ አብረው ሲሰሙ እናትን ያስደነግጣሉ። አመሻሹ ላይ «በልጃገረዶች ላይ ካንሰር ገብቷል» የሚል ወሬ ከታች ሰፈር መጣ። ማንም ክፉ አስቦ አልፈጠረውም፤ ግማሹን የሰማ ሰው ሌላውን ግማሽ በግምቱ ሞላው።

ከትምህርት ቤት የተላከልን ወረቀትም ብዙ አልረዳንም። «ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ለባለሙያ የተጻፈ ይመስላል። ቀኑ አለ፣ የፊርማ ቦታ አለ፤ ጥያቄ ያለው ወላጅ ማንን እንደሚያነጋግር ግን አልተጻፈም። በእኛ ሰፈር ማንበብ የማይችሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት የሚነበበው በልጅቷ በራሷ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ ስለ ማህፀን ለእናቷ ጮክ ብላ ማንበብ ታፍራለች። እኔ የማውቃት አንዲት ልጅ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ደብቃው ከረመች። ወረቀቱን ያዘጋጀው ክፍል ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

በዚህ መካከል ሦስት ጥያቄዎች ከሱቅ ሱቅ ይዞሩ ጀመር። ለምን ሴቶች ብቻ? ለምን በነፃ? መካን የሚያደርግ ቢሆንስ? ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ይህን ጥያቄ የምታነሣ እናት አላዋቂ ተብላ ልትናቅ አይገባም፤ ስለ ልጇ ነገ የምትጨነቅ ሴት ናት፤ የሚገባትም ቁም ነገር ያለው መልስ ነው።

የኮቪድ 19 ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በሀገራችን መሰጠት ሲጀምር ይህን መልስ አላገኘንም ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር የመጣው በቴሌቪዥን ነው። አስትራዜኔካ የተባለው ክትባት ደም ያረጋል የሚል ዜና ከውጭ ሲሰማ፣ ችግሩ ምን ያህል አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሳይከተቡ የቀሩ ብዙ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁት ሰው ያጡ ናቸው።

የ2017ቱ ዘመቻ የተለየው በሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምክንያት ነው። በየበሩ ታውቀናለች። የማን ልጅ በዘጠነኛ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ወስዶ የአሥራ አምስተኛ ወሩ እንደቀረበት፣ የትኛዋ እርጉዝ ክትትል እንዳቋረጠች መዝገብ ሳትገልጥ ትናገራለች። ሥራዋን የጀመረችው ከእድር ነው። መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ መጥታ ከእድሩ ዳኛ ጊዜ ጠየቀች። ስለ ክትባቱ ብዙ አላወራችም። «ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ትምህርት ቤት ኑ፤ ከጤና ጣቢያ ሲስተር ይዤላችሁ እመጣለሁ» አለችና፣ በቀጠሮው ዋዜማ ለፋፊው እንዲጠራን ዳኛውን ለመነች።

የእድር ጥሩንባ በማለዳ ሲነፋ የሰው ልብ ይደነግጣል፤ የሚነፋው ለሞት ነውና። ለፋፊያችን ይህን ስለሚያውቅ ጥሩንባውን ቤቱ ትቶ በባዶ ድምፁ «ሞት የለም! ደኅና ነን! ስለ ሴት ልጆቻችን ክትባት ስብሰባ አለ!» እያለ በየቅያሱ ዞረ። ከመኪናው ያልሰማ ሁሉ ከእሱ ሰማ። ስናውቀው የኖርነው ሰው ነው፤ በየበሩ ይቆማል፣ ሲጠይቁትም የማያውቀውን አውቃለሁ ሳይል «መጥታችሁ ሲስተሯን ጠይቁ» ይላል። የሰፈሩ ሴቶች ብቻ ሳንሆን አባቶችም መጡ፤ እንዲህ ባለ ጉዳይ አባቶች ሲመጡ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ስብሰባው በአንድ መማሪያ ክፍል ነበር። ሲስተሯ ንግግር ልታደርግ ነው ብለን ስንጠብቅ ጠመኔ አንሥታ «ስለዚህ ክትባት ምን ሰማችሁ?» አለችን። ዝም አልን። «የሰማችሁትን ሁሉ፣ መጥፎውንም ጭምር» አለች። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ቀጠለች፤ ሰሌዳው በእኛው ወሬ ሞላ። ከዚያ ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ መለሰች። እኔ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ሕዝብ የሚጠራጠረው ነገር ሳይሸፋፈን ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ያየሁት ግን እዚያ ነው።

ለምን ሴቶች ብቻ ለሚለው፣ ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ወንዶችንም እንደሚይዝና ወንዶችንም የሚከትቡ ሀገራት እንዳሉ፣ ነገር ግን ክትባቱ እንደልብ ስለማይገኝ ቅድሚያው በበሽታው ለሚጠቁት እንደተሰጠ ነገረችን። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከመቶ 70 ለሚሆነው የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር መነሻ ናቸው፤ ክትባቱም እነሱን ይከላከላል። ለምን በነፃ ለሚለው፣ ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ድርጅት ወጪውን ከመንግሥት ጋር እንደሚጋራ፣ ለሕፃናት የሚሰጡት የፔንታና የሮታ ክትባቶችም በዚሁ መንገድ እንደሚመጡ ስትነግረን ነገሩ ቀለለን። እነዚያን «ለምን ነፃ ሆኑ» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

«ልጄ ገና ሕፃን ናት፣ ለምን አሁን?» ያሉት አንድ አባት ቅር ብሏቸው ነበር። ክትባቱ በልጃቸው ላይ የተጣለ ጥርጣሬ መስሏቸዋል። ሲስተሯ «አባቴ፣ ልጅዎን የሚጠረጥር የለም» አለቻቸው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት እንደሚወስድ፣ ክትባቱ የሚሠራው ደግሞ ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት እንደሆነ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰውነትም የተሻለ መከላከያ እንደሚያዘጋጅ ገለጸችላቸው። «ትዳር ይዛ፣ ልጆች ወልዳ የምትኖርበትን ዘመን ነው ዛሬ የምንጠብቅላት» ስትል ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሩካቤ አንድ ቃል ሳታወጣ፣ ነገሩንም ሳትሸሽግ ነው ያስረዳችው። እንዲህ ያለ አነጋገር ከወረቀት አይገኝም፤ ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል።

«መካን ያደርጋል» ወደሚለው ስትደርስ ጠመኔውን አስቀመጠች። ሩዋንዳ ክትባቱን በሀገር አቀፍ ደረጃ መስጠት የጀመረችው በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. እንደሆነ፣ የያኔዎቹ ልጆች ዛሬ እናቶች እንደሆኑ ነገረችን። ቀጥላ «ሩዋንዳ ድረስ ለምን እንሄዳለን?» አለች። በእኛም ሀገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲከተቡ ቆይተዋል። ከእነዚያ መካከል አንዷ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ሕፃን አዝላ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት «እኔ ሁለቱንም ጊዜ ተወግቻለሁ» አለችና ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ እኛ አዞረችው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እናቶች ሕፃኑን ተቀባበሉት። ሲስተሯም አጋጣሚውን ይዛ፣ ያኔ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረው አሁን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚበቃ አስረዳችን፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. ይህንኑ ተቀብሏል።

ሌላው ልቤን የነካው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ወጣቶቹ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ አያቶች ግን የሆዳቸውን የሚያወጡት በጋሞኛ ነው፣ በብዙ ቤትም ስለ ልጅ ጤና የመጨረሻው ቃል የአያት ነው። ኤክስቴንሽኗ ይህን አስባ ጋሞኛ የምትናገር ሌላ ነርስ ይዛ መጥታ ነበር። አንዲት አሮጊት እናት ረዘም አድርገው ሲጠይቁ ነርሷ ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበርክካ መለሰችላቸው። በኋላ ለሌሎቻችን በአማርኛ ስትነግረን፣ ጥያቄያቸው ልጅቷ በማግሥቱ ጥጥ መፍተል ትችል እንደሆነ ነበር። ክንዷን ጥቂት ሊያማት፣ ትንሽም ሊያተኩሳት ይችላል፤ በአንድ በሁለት ቀን ይለቃታል። እኒህ እናት ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ።

ከእናቶች አንዷ «እኛስ?» ብላ ባትጠይቅ ኖሮ እኔም ሳልመረመር እቀር ነበር። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለን ሴቶች በጤና ጣቢያ የማህፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረግ እንደምንችል የሰማሁት እዚያ ነው። ምርመራው አጭር ነው፤ ባለሙያዋ በተበረዘ አሴቲክ አሲድ ቦታውን ቀብታ ታያለች፣ ነጣ ያለ ነገር ከታየ ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል። ከጎረቤቶቼ ጋር ተያይዘን ሄደን ተመርምረናል። ስለ ልጆች የተጠራ ስብሰባ እናቶችንም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰዱ ለእኔ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ትርፍ ነው።

ሁሉም ሰው በስብሰባ አይረታም። አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን ስብሰባውን ሰምቶ «የእኔ ልጅ አትነካም» ብሎ ወጣ። ኤክስቴንሽኗ አልተከራከረችውም። በሌላ ቀን ቤቱ ሄደች። እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን እየወረወረ፣ እሷ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ጥጥ ዋጋ፣ ቀስ ብላም ስለ ልጅቷ ተነጋገሩ። የያዘው ፍርሃት ታላቅ ልጁ በሕፃንነቱ ከተከተበ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አተኩሶት ስለነበረ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ትኩሳት ሊመጣ እንደሚችል የነገረው አልነበረም። ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ሌሊቱን በሙሉ ልጄ ሊሞት ነው እያለ ባላደረ ነበር። ድር በወጉ ሳይወጠር ማግ እንደማይገባ ከሸማኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ንግግሩ ሲቀድም ሸማኔው ራሱ ልጅቷን ይዞ መጣ። አንዲት እናት ግን እስከ መጨረሻው እምቢ አለች። ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አልሰደባትም። እኔ ይህንንም በመልካም ጎን እቆጥረዋለሁ፤ ነገ ሐሳቧን ብትለውጥ አፍራ የምትቀርበት በር አልተዘጋባትም።

የክትባቱ ቀን ሥርዓት ነበረው። ክትባቱ ከቀዝቃዛ ሳጥኑ ሲወጣ ነርሷ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ምልክት ለምናይ ወላጆች አሳየችን፤ በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ነጣ ካለ ሙቀት አልነካውም ማለት ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ በረዶ ከሠራም ይበላሻል። መርፌው ከማሸጊያው የሚወጣው ልጅቷ እያየች ነው፣ የተወጋችበትም ወዲያው ወደ ማስወገጃ ሣጥኑ ይገባል። ከተወጉ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ይቆያሉ። በዚያ መካከል አንዲት ልጅ አዞራትና ወደቀች። አስተኝተው እግሯን ከፍ አደረጉላት፤ ብዙም ሳትቆይ ተነሣች። ሲስተሯ ለእናቷ እዚያው ስልክ ደወለች፣ ለተሰለፉት ልጆችም ይህ ከፍርሃት የሚመጣ እንደሆነ፣ ቁርስ ሳይበሉ መቆምም እንደሚያባብሰው ነገረቻቸው። ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ ወሬው እናትየው ሱቅ ከእውነቱ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። የክትባቱ ቀን ተለውጦ ሳለ ያሳወቀን የለም። ሱቅ ዘግተን፣ ልጆቻችንን ቁርስ አብልተን ሄደን በሩ ላይ ተመለስን። ለዕለት ጉርሱ የሚሠራ ሰው የግማሽ ቀን ገበያ ሲያጣ ሁለተኛ ጥሪ ላይ ያመነታል፤ አንዳንዶቹም አመንትተዋል። ለፋፊያችን ስልክ አለው፤ አንድ ጥሪ ይበቃ ነበር። ከዘመቻው በኋላም ማንም መጥቶ በሰፈራችን ስንት ልጆች እንደተከተቡ፣ ስንት እንደቀሩ አልነገረንም። የጠራን እድር ውጤቱን መስማት ነበረበት። ያቺ ትጉ ኤክስቴንሽንም ወዲያው ወደ ሌላ ዘመቻ ተወሰደች፤ ያመለጡትን ዞራ የምትፈልግበት ጊዜ አልተሰጣትም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ትምህርት ቤት ያልገቡት ልጆች ነገር ነው። በየግቢው በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ፣ ከገጠር የመጡ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች አሉ። ትምህርት ቤት ስለማይሄዱ ወረቀቱ አይደርሳቸውም፤ የእድር አባል ስላልሆኑ ስብሰባ አይጠሩም። ቅስቀሳ የሚያደርጉ ሰዎች በር አንኳኩተው «ሴት ልጅ አላችሁ?» ሲሉ የቤቱ እመቤት የወለደቻቸውን ቆጥራ ትመልሳለች፤ ሻይ ይዛ የምትመጣዋን ልጅ ማንም አይቆጥራትም። ይህን ጉዳይ ይመለከተዋል ወደተባልኩት ቢሮ ስልክ ደውዬ ነበር፤ ዘመቻው በትምህርት ቤት በኩል ነው ተብሎ ተዘጋብኝ። ዘመቻው ግን ትምህርት ቤት ለማይማሩትም የታሰበ እንደሆነ ሲስተሯ በስብሰባው ላይ ነግራን ነበር። እነዚህ ልጆች አድገው ከታመሙ ለምርመራም ለሕክምናም ከሁሉ ዘግይተው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ልጅ ያላችሁ ወላጆች የክትባት ካርዱን ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር አስቀምጡት፤ የቀረባት ካለችም ዘመቻው አለፈ ብላችሁ ሳትተዉ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ዘመቻ ኃላፊ ለሆኑ ሰዎች ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወደየቤቱ ለሚሄዱ ባለሙያዎች የምትሰጧቸው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሴት ልጆች አሏችሁ?» መሆኑ ይቅርና «ዛሬ ሌሊት በዚህ ግቢ የምታድር ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆናት ልጅ አለች ወይ?» የሚል ይሁን። መልሱንም ከእመቤቲቱ ብቻ አትቀበሉ፤ ልጅቷ ራሷ ትጠራና ትናገር።